የስደተኛ የልጅ ልጅ ባሪያ ሲገዛ፦ የጆን ጄይ ቤተሰብ ነገር

ጥያቄው ይህ ነው። ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ኒው ሮሼል የሚኖሩ አንባቢ ልከውታል፦ «ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ስለ ጆን ጄይ ጽፈህ ና ተብሏል። ያገኘው ጽሑፍ ሁሉ አያቶቹ ለእምነታቸው ሲሉ ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁግኖቶች ስለነበሩ የነፃነት ፍቅርን ከእነሱ ወረሰ ይላል። ትንሽ ወረድ ሲል ደግሞ ባሪያዎች ነበሩት ይላል። ልጄ ‹ታዲያ ምኑን ነው የወረሰው?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እኛም ተሰደን የመጣን ሰዎች ነንና ነገሩ ከነከነኝ።»

የማስተምረው የአሜሪካን የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ነው። የልጅዎን ጥያቄ ከብዙ ተማሪ ሰምቻለሁ፤ ግን እንደሱ አጥርቶ የጠየቀኝ የለም። ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ጄይ የስደተኛ የልጅ ልጅ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሆኗል። ባርነትን የሚያስቀር ሕግም ፈርሟል። ባሪያም ነበረው። ከአያቶቹ አንድ ነገር መውረሱም እርግጥ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ እጁ የገባው ፍርሃትና ቂም ነው። ነፃነቱ የመጣው ቆይቶ፣ እየተንጠባጠበ ነው። ሙሉ ሆኖ የታየውም በልጆቹና በልጅ ልጁ ላይ ነው። እስቲ ከመነሻው ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁግኖት የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1598 ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የናንት አዋጅ በሚባለው ሕግ በአገራቸው እንዲያመልኩ ፈቀደላቸው። የልጅ ልጁ ሉዊ 14ኛ ጥቅምት 1685 ላይ ያንን አዋጅ ሻረው። ከመሻሩ በፊትም ቢሆን ኑሯቸው ሲኦል ሆኖ ነበር። ድራጎን የሚባሉ ወታደሮች በፕሮቴስታንት ቤት ይመደባሉ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያሻቸውን ይሰብራሉ። ባለቤቱ «እምነቴን ለውጫለሁ» እስኪል ከቤቱ ንቅንቅ አይሉም። አዋጁ ሲሻር ፓስተሮቹ በ15 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ምእመኑ ግን እንዳይወጣ ተከለከለ! ሲሸሽ የተያዘ ወንድ የንጉሡን መርከብ በሰንሰለት ታስሮ ይቀዝፋል። ሴቷ እስር ቤት ወይም ገዳም ትዘጋለች። እንዲህም ሆኖ ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሾልኮ ወጣ። ዛሬ በየወረቀታችን ላይ የሚጻፈው «ሬፊውጂ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተለመደው በእነሱ ምክንያት ነው።

የጄይ ቅድመ አያት ፒየር ጄይ የላ ሮሼል ወደብ ነጋዴ ነበር፤ የእናንተ ከተማ ስሟን የወሰደችው ከዚያ ነው። የቤተሰቡን ታሪክ የምናውቀው ጆን ጄይ ራሱ ካርጅና በኋላ ጀምሮ ሳይጨርሰው ከተወው ማስታወሻ ነው። እንደሚለው ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ፈረሰ፤ ወታደር ቤታቸው ገባ። ፒየር ሚስቱንና ልጆቹን በድብቅ መርከብ ላይ አሳፍሮ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ፕሊመዝ ላከ። እሱ ቀረ። የቤተሰቡ መጥፋት ሲታወቅ ያዙትና አሰሩት። ያስፈቱት ተሰሚነት የነበራቸው ካቶሊክ ወዳጆቹ ናቸው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከእስር ሲወጣ የራሱ መርከብ ብረት ጭና ከስፔን እየመጣች ነበር። ወደብ ከገባች ትወረሳለች። ስለዚህ የሚያምነውን አንድ መርከብ መሪ ባሕሩ ላይ እንዲጠብቅለት አደረገ። መርከቧ ወደብ ሳትደርስ፣ ከላ ሮሼል ፊት ለፊት ባለችው፣ ሬ በምትባል ደሴት አጠገብ ተሳፈረባትና ወደ እንግሊዝ ነጎደ። ቤተሰቡ በስደት ሲኖር ያቆመው ያ ብረት ነው። ቤቱና ንብረቱ ግን እዚያው ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ጆን ጄይ፣ ፈረንሳይ ከቀረው ሀብት ለቤተሰቡ ምንም እንዳልተመለሰ ጽፏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የፒየር ልጅ ኦገስተስ አልነበረም። ለንግድ አፍሪካ ሄዶ ነበር። ወጣቱ ምንም ሳያውቅ ላ ሮሼል ሲደርስ ቤት የለ፣ አባት የለ፣ እናት የለ። ዘመድ ወዳጅ ደበቀውና ወደ አሜሪካ የሚሄድ መርከብ ተገኘለት። ቻርልስተን አረፈ፤ ከዚያ ፊላደልፊያ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ። ከዓመታት በኋላ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ የፈረንሳይ የባሕር ዘራፊዎች ማረኩት። ከምሽግ አምልጦ አሁንም ላ ሮሼል ደረሰ፤ አሁንም ዘመዶቹ ሸሸጉት፤ አሁንም በባሕር ሾለከ። ልጅዎ ፊልም የሚወድ ከሆነ እዚህ ጋ ብዙ እንዳይቆይ ይንገሩት። የጽሑፉ ፍሬ ገና ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወረቀት አለች። ኦገስተስ በኒው ዮርክ የመኖርና የመነገድ መብት ያገኘው በ1686 ነው። ፈቃዱን የሰጠው አገረ ገዥ ቶማስ ዶንገን ነበር። ዶንገን ካቶሊክ ነው። የሚያገለግለው የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ 2ኛም ካቶሊክ ነው። እንግዲህ ይቁጠሩልኝ፦ አባትየውን ከእስር ያስፈቱት ካቶሊኮች፣ ልጅየውን «እዚህ ኑር» ያለው ካቶሊክ። በቤተሰቡ ልብ ውስጥ ዙፋን ይዞ የኖረው ግን አሳዳጁ ካቶሊክ ብቻ ነው።

የቤተሰቡ ትዝታ «ማን አሳደደን?» የሚለውን በደንብ ያውቃል። «ምን አሳደደን?» የሚለውን ግን ገና አልጠየቀም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚወስዱት ወደተለያየ ቦታ ነው። አሳዳጁን ብቻ ያስታወሰ ሰው በሩን በዚያ ሕዝብ ላይ ይዘጋል። ያሳደደው ነገር አንድ ሰው በሌላው ነፍስና ገላ ላይ ያለው ልክ የሌለው ሥልጣን መሆኑን ያየ ሰው ግን፣ አንድ ቀን የራሱን ጓዳ መመርመሩ አይቀርም።

ጓዳው ደግሞ ባዶ አልነበረም። ኦገስተስ ከሀብታም ቤት አገባ፤ ልጁ ፒተር፣ የጆን ጄይ አባት፣ የታወቀ ነጋዴ ሆነ፤ በዘመኑ ኒው ዮርክ ሀብታም ቤት ማለት ባሪያ ያለበት ቤት ማለት ነው። ለሁግኖቶቹ ይህ እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም። የኒው ሮሼል መሥራቾችም እግራቸው መሬት እንደያዘ ባሪያ መያዝ ጀምረዋል። (በነገራችን ላይ መሬቱን የገዙት በ1689 ነው። ውሉ ላይ ሻጩ ከጠየቀ በየዓመቱ አንድ የሰባ ጥጃ ይሰጠዋል የሚል አንቀጽ አለ። ልጅዎ ይህንን ቢጨምርበት ክፍሉ ይስቅለታል።)

ከሁሉ የሚገርመኝ ኤሊያስ ኖ ነው። የጄይ ዘመድ አይደለም፤ ግን የዚያው የኒው ዮርክ ሁግኖት ነጋዴ ነው። በ1692 ፈረንሳዮች ባሕር ላይ ያዙት። እምነቱን አልለውጥም ስላለ መርከብ ቀዛፊነት ተፈረደበት። ቆይቶም ጨለማ እስር ቤት ተወረወረ። የተፈታው በ1698 ነው። ሰንሰለት ምን እንደሆነ በቁርጭምጭሚቱ ያውቃል። ይህ ሰው በ1704 ኒው ዮርክ ውስጥ ለባሪያዎች የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከፈተ። ማታ ማታ፣ ከሥራ ሲወጡ ያስተምራቸዋል። እሰየው! ግን ጌቶቹ «ከተጠመቁ ነፃ ውጡ ይሉናል» ብለው ፈሩ። ኖ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥምቀት ባሪያን ነፃ እንደማያወጣ የሚደነግግ ሕግ እንዲወጣ ደጅ ጠና። ሕጉ በ1706 ወጣ። ሕጉ ልጁ የእናቱን ዕጣ እንዲከተልም ይደነግጋል። ባሪያው ነፍሱን እንዲያድን ገላውን ለጌታው ፈረመበት ማለት ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በዚያች ከተማ ለባሪያዎች እንደሱ የለፋ ነጭ ከመገኘቱ ይልቅ ያለመገኘቱ ይቀላል። ግን እሱም የሚያውቀው ነፃነት የእምነት ነፃነት ነበር። ከዚያ ወዲያ አልታየውም።

ጆን ጄይ የተወለደው እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1745 ነው። 8 ዓመት ሲሆነው ወደ ኒው ሮሼል፣ ፒተር ስቱፕ የሚባሉ ፓስተር ቤት ተልኮ ተማረ። ከተማው ገና ፈረንሳይኛ ያወራል። ፓስተሩ ሐሳባቸው ሁሉ ሂሳብ ላይ ነው፤ ቤታቸው ሊፈርስ ደርሷል። በኋላ የጄይ ልጅ ዊሊያም እንደጻፈው ትንሹ ጆን በክረምት በረዶው አልጋው ላይ እንዳይገባ የተሰበረውን የመስኮት መስታወት በእንጨት ስብርባሪ ይወትፍ ነበር። የአያቶቹን ቋንቋ የሰማው እዚያ ነው። የስደቱን ወሬም ሳይሰማ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይወራል?

ወሬው ምን እንደሠራበት በ1774 እናያለን። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኮንግረስ ለእንግሊዝ ሕዝብ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዘው። የ28 ዓመት ወጣት ነው። እንግሊዝ ለኩቤክ ካቶሊኮች መብት መስጠቷን ሲነቅፍ ብዕሩ ይጋያል። ያ ሃይማኖት ደሴታችሁን በደም አጥለቅልቋል፤ ስደትንና ግድያን በዓለም ዙሪያ ዘርቷል ይላል። ፓሪስ ወይም ለንደን ተቀምጦ ያነበበው ሰው የፖለቲካ ጩኸት ሊመስለው ይችላል። እኔ ሳነበው የሚታየኝ ባዶ ቤት ውስጥ የቆመው ኦገስተስ ነው።

በ1777 የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ደግሞ ባሰ። ጄይ ካቶሊኮች ከጳጳሱ ሥልጣን ጋር የተያያዘ መሐላ ካልማሉ መሬት እንዳይኖራቸውና የዜግነት መብት እንዳያገኙ የሚል አንቀጽ አቀረበ። እባብ ያየ በልጥ በረየ! ጉባኤው 19 ለ10 በሆነ ድምፅ ጣለበት። አልተኛም። ከውጭ መጥቶ ዜጋ የሚሆን ሰው ለማንኛውም የውጭ ባለሥልጣን፣ በመንፈሳዊ ጉዳይም ጭምር፣ ታማኝነቱን እንዲክድ የሚያስገድድ ቃል አስገባ። ያ ቃል አለፈ። አስተውሉ፦ የስደተኛ የልጅ ልጅ ነው በስደተኛ ላይ መዝጊያ የሚያበጀው።

ነገሩን ግራ የሚያጋባው በዚያው ሕገ መንግሥት የእምነት ነፃነት አንቀጽ መኖሩ ነው። አንቀጹ ደካማና ክፉ ካህናትና መሳፍንት የሰውን ልጅ በመንፈሳዊ ጭቆና እንደገረፉ ያነሳል። የላ ሮሼል ትዝታ በሕግ ቋንቋ ማለት ነው። ስለዚህ «ቅርሱ በነፃነት አስተሳሰብ ላይ ምልክት አልተወም» ማለት አይቻልም። ትቷል። ግን አንድ ገጽ ላይ በር ይከፍታል፤ ሌላው ገጽ ላይ ይቀረቅራል።

ወደ ባርነቱ ልምጣ። በዚያው በ1777 ባርነት ወደፊት እንዲቀር የሚል ሐሳብ ጉባኤው ላይ ቀርቦ ነበር። ያቀረበው ጓደኛው ገቨርነር ሞሪስ ነው፤ እሱም በእናቱ በኩል ሁግኖት ነው። ጄይ እናቱ ስለሞቱበት አልነበረም። ሐሳቡ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ጄይ ቆይቶ፣ ባርነት እንዳይቀጥል የሚል አንቀጽ ቢኖር በወደድኩ ብሎ ለወዳጆቹ ጻፈ። በ1780 ከስፔን በላከው ደብዳቤ ደግሞ ጠንከር ይላል። አሜሪካ ባርነትን የሚያስቀር እርምጃ እስካልወሰደች ድረስ፣ ለነፃነት ወደ ሰማይ የምታሰማው ጸሎት እግዚአብሔርን መድፈር ነው አለ።

በጣም ጥሩ ቃል ነው። ልጅዎ የሚያገኛቸው ጽሑፎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ሦስት ዓመት ወደፊት እወስዳችኋለሁ።

1783፣ ፓሪስ። ጄይ ከፍራንክሊንና ከአዳምስ ጋር ሆኖ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ያደረገችውን የሰላም ውል ጨርሷል። ቤተሰቡ ከአሜሪካ ይዟት የመጣ አቢጌል የምትባል ባሪያ ነበረች። ጄይ ለጉዳይ ወደ እንግሊዝ በሄደበት ሰሞን አቢጌል ከቤት ጠፋች። ልብስ አጣቢ ከሆነች ሴት ዘንድ ተገኘች። የጄይ ቤተሰብ ለፖሊስ አመለከተ፤ ታሰረች። «ትመለሺ?» ተባለች። አልመለስም አለች። ፍራንክሊን ለጥቂት ጊዜ ትቆይ ብሎ መከረ። ጄይም ከእንግሊዝ በጻፈው ደብዳቤ ተስማማ፤ ብትቆይ ልብ ትገዛለች ብሎ ነው። እስር ቤቱ ውስጥ ታመመች። ወደ ቤት መልሷት ቢሉም አልዳነችም፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ክፍሉ ጭጭ ይላል። ጄይ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው ጨካኝ አይለውም። ነገሩ ሌላ ነው። ፒየር ጄይን ቤተሰቡን አሸሸ ብሎ ያሰረው የፈረንሳይ ንጉሥ መንግሥት ነበር። መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የዚያው የፈረንሳይ ንጉሥ ፖሊስ አንዲት የሸሸች ሴት አሰረ፤ ያሳሰራት የፒየር ዘር ነው። ጄይ መመሳሰሉ ታይቶት እንደሆነ የሚያሳይ አንድም መስመር አልተወም። «ማን አሳደደን» ብሎ ለሚያስብ ሰው ነገሩ አይገናኝም፤ አቢጌል ሁግኖት አይደለችማ።

ስለዚያ የሰላም ውል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከፈረሙት አንዱ ሄንሪ ሎረንስ ነው። የእሱም አያቶች ከላ ሮሼል የተሰደዱ ሁግኖቶች ናቸው። በቻርልስተን በሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን ያሻሻጠ የባሪያ ነጋዴ ነበር። ኅዳር 1782 የመጀመሪያው ረቂቅ ሊፈረም ሲል መጨረሻ ሰዓት ላይ ደረሰና አንድ ቃል አስገባ፦ እንግሊዞች ሲወጡ የአሜሪካውያንን ባሪያዎች ይዘው እንዳይሄዱ። ልጁ ጆን ሎረንስ ግን ባሪያዎችን አስታጥቆ ነፃ የማውጣት እቅድ ይዞ ሲሟገት ኖሮ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በጦር ሜዳ ሞቶ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ የስደት ታሪክ፣ ሁለት መንገድ። ይህ በደቡብ አፍሪካም ታይቷል። አፓርታይድን ያወጀው መንግሥት መሪ ዳንኤል ማላን የሁግኖት ዘር ነው። አፓርታይድን በመቃወሙ በመንግሥት የታገደው ፓስተር ቤየርስ ናውዴም የሁግኖት ዘር ነው።

ታዲያ የጄይ ቤተሰብ እንዴት ዞረ? ቀስ ብሎ፣ ለዚያውም እያነከሰ። በ1785 ኒው ዮርክ ውስጥ ባሪያዎችን አርነት የሚያወጣ ማኅበር ሲቋቋም ጄይ ፕሬዚዳንት ሆነ። ማኅበሩ በ1787 ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ግን አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው አልተከለከለም። ጄይ ራሱ የሠራሁት እንዲህ ነው ይል ነበር፦ ባሪያ እገዛለሁ፤ ያወጣሁበትን ያህል ካገለገለኝ በኋላ አርነት አወጣዋለሁ። የንግድ ቤት ልጅ ነውና ነፃነትንም በደብተር ያወራርዳል።

በ1799 አገረ ገዥ ሆኖ ሕጉን ፈረመ። ሕጉ ከሐምሌ 4 ቀን 1799 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነፃ ነው ይላል። ነገር ግን ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመቷ የእናቷን ጌታ ታገለግላለች። እናትየዋ በዚህ ሕግ ምንም አላገኘችም። በግዛቱ ባርነት በሕግ ያበቃው ሌላ ሕግ ተጨምሮ በ1827 ነው። ይህን ስል ሕጉን ለማናናቅ አይደለም። በ1790 ቆጠራ ኒው ዮርክ ከ21 ሺህ በላይ ባሪያዎች ነበሯት፤ ባለባሪያዎቹም በቀላሉ የሚለቁ ሰዎች አልነበሩም። ያለ ጄይ ትውልድ ሕጉ ከዚያም ይዘገይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ «ውርስ» ሲባል ግን ሁልጊዜ ጄይን ከአንድ ሰው ጋር አስተያያለሁ፤ ከአንቶኒ ቤኔዜት። በ1713 ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሳን ካንታን ተወለደ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ ሆላንድ፣ ለንደን፣ በመጨረሻም ፊላደልፊያ። አድጎ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን አባል ሆነ፤ መምህርም። ለአንድ ፈረንሳዊ ዲፕሎማት ስለ ዘመዶቹ ሲያጫውተው አጎቴ ተሰቀለ፣ አክስቴ ገዳም ተዘጋች፣ የአጎቶቼ ልጆች መርከብ ሲቀዝፉ ሞቱ ብሎታል። ከጄይ ቤት የከፋ እንጂ ያነሰ በደል አይደለም። ይህ ሰው ከ1750 ጀምሮ ማታ ማታ ቤቱ ጥቁር ልጆችን ሰብስቦ ያለ ክፍያ ፊደል አስቆጠረ። ስለ ጊኒና ስለ ባሪያ ንግድ የጻፋቸው መጻሕፍት እንግሊዝ ድረስ ዘልቀው ቶማስ ክላርክሰንን የመሳሰሉ ታጋዮችን ቀሰቀሱ። ካስተማራቸው ልጆች ጋር እየዋለ ስለነበር፣ ጥቁር ልጅ ከነጭ ያንሳል የሚሉትን ሁሉ «እኔ አስተምሬ አይቻለሁ፤ አያንስም» ብሎ ዝም ያሰኛል።

ሁለቱን የለየው በእኔ ግምት ይህ ነው። ቤኔዜት በየምሽቱ የአቢጌልን ዓይነት ሰዎች ፊት ለፊት ያይ ነበር፤ እንደ ተማሪ። ጄይም በየቀኑ ያያቸዋል፤ ግን ምሳ ሲያቀርቡለት። የአያት ታሪክ አንድ ዓይነት ቢሆንም ከማን ጋር ተቀምጠህ እንደምታወራው ለውጥ ያመጣል።

የጄይ ልጆች ከአባታቸው የተሻለ ተቀመጡ። ትልቁ፣ ፒተር ኦገስተስ፣ በ1821 የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል የመምረጥ መብቱ ላይ «ነጭ» የሚል ቃል እንዳይገባ ተሟገተ። ተሸነፈ ማለት ይቻላል፤ ቃሉ ባይገባም ጥቁር መራጭ ብቻ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ይኑረው ተባለ። ታናሹ ዊሊያም ዳኛ ነበር። ባርነትን በመቃወም ስለጻፈ በ1843 ከወንበሩ ተነሳ። ሲሞት በኑዛዜው አንድ ሺህ ዶላር ተወ፤ ለሸሹ ባሪያዎች ደኅንነትና ምቾት እንዲውል። የአቢጌል ስም ኑዛዜው ላይ የለም። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የፓሪሱ እስር ቤት ትዝ ይለኛል።

የዊሊያም ልጅ፣ በአያቱ ስም ጆን ጄይ የተባለው ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት ለሸሹ ሰዎች ይቆም ነበር። በ1852 ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ሲወሰዱ በኒው ዮርክ ያለፉ 8 ባሪያዎችን ነፃ ባወጣው ክስ ከጠበቆቹ አንዱ ነው። በራሱ ቤተ ክርስቲያንም አልተኛላቸውም። ቅዱስ ፊልጶስ የተባለው የጥቁሮች ደብር እንደሌሎቹ በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ድምፅ እንዲኖረው ለዓመታት ጨቀጨቃቸው። በ1853 ተፈቀደ። ይኸው ሰው በ1883 የአሜሪካ ሁግኖት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

እንግዲህ ልጅዎ «ምኑን ነው የወረሰው?» ላለው፣ የሰውየውን ሕይወት በዓመት ከፋፍሎ እንዲያየው ይንገሩት። በ1777 የወረሰው ፍርሃት ነው። በ1780 ጥሩ ቃል አለው። በ1783 ቃሉ ቤቱ አልደረሰም። በ1799 ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቀሪውን የሄዱት ሌሎች ናቸው። መምህሩ ጽሑፉ በዛ ካሉ ጥጃውን ያውጣ፤ አቢጌልን ግን አያውጣት።

እናንተ ደግሞ ሩቅ አይደላችሁም። ጄይ ያደገበት የራይ ርስት ከኒው ሮሼል በመኪና ብዙ አይርቅም። ያረጀበትና በ1829 የሞተበት ቤት ካቶና ነው፤ እሱም ለጎብኚ ክፍት ነው። የጎብኚ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁና ቅዳሜ ይዘውት ይሂዱ። አስጎብኚው ሳሎኑን ሲያሳይ ልጅዎ የሚጠይቀውን አውቆ ይግባ፦ «የሚሠሩት ሰዎች የሚያድሩት የት ነበር?»